እማዬ፣ ስተነፍስም ይቆጠራል?

የአንባቢ ደብዳቤ

እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሳነብ ቆይቻለሁ። አንድ ቀን እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ችግሬ ለሰው ሲነገር ያስቃል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ከስድስት ወር በፊት ስለ አየር ንብረት ለውጥ አንድ ዘገባ አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም ብሎ መኖር ከበደኝ። የራሴን ድርሻ ልወቅ ብዬ የካርቦን አሻራ፣ ማለትም አንድ ሰው በኑሮው በዓመት ወደ አየር የሚለቀውን ሙቀት አማቂ ጋዝ፣ የሚያሰላ አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ። 1.9 ቶን አለኝ። ደስ አለኝ። ለማረጋገጥ በሌላ ሞከርኩ፤ 4.3 አለኝ። ሦስተኛው 8 ገደማ አደረሰው። ያው ሰው፣ ያው ቤት፣ ያው ዓመት! ግራ ሲገባኝ ደብተር ገዝቼ በራሴ እጅ መመዝገብ ጀመርኩ። መብራት፣ ቤንዚን፣ ሥጋ፣ ልብስ፣ ፌስታል ሳይቀር። ከሩቅ የመጣ ፍራፍሬ መግዛትም አቆምኩ።

መጀመሪያ የምመዘግበው የራሴን ብቻ ነበር። በኋላ ሳልነግረው ለባለቤቴም አንድ ዓምድ ከፈትኩለት። መኪናውን የሚነዳው እሱ ነው፤ በሳምንት 20 ሊትር ያህል ቤንዚን ይፈጃል። የስልክ ቻርጀር ሰክቶ ይተዋል። ሥጋ ይወዳል። ማታ ማታ የሱ ዓምድ ከእኔ ሲበልጥ ሳይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ውስጤ ደስ ይለው ነበር። ባለፈው ወር ደብተሩን አገኘው። ዝም ብሎ አገላበጠና «ለካ ቤቴ ውስጥ ኦዲተር አለ» ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አብረን እንበላለን፣ አብረን እንተኛለን፤ ጨዋታ ግን የለም።

እናቴ የምትኖረው ሩቅ ነው። በአውሮፕላን ካልሆነ አይደረስም። ካየኋት ሁለት ዓመት አለፈ። ደክማለች። በደወለች ቁጥር «መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኛለች፤ እኔ ሥራ በዛብኝ እላለሁ። ሥራ አይደለም። ያ አንድ በረራ የዓመቱን ልፋቴን ገደል እንደሚከተው ስላሰላሁ ነው። ይህን ለእናት እንዴት ብለው ይነግሩታል?

ይባስ ብሎ ባለፈው ሳምንት የዘጠኝ ዓመት ልጄ ልትተኛ ስትል «እማዬ፣ ስተነፍስም ይቆጠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። ቤት ውስጥ ያለነው ሦስት ነን፤ ሦስታችንም ተረብሸናል። የትኛውን ቁጥር ልመን? ሁሉም ሰው እንደኔ ቢጠነቀቅ ኖሮ ዓለም እዚህ ላይ ትደርስ ነበር? ወይስ ሁሉንም እርግፍ አድርጌ ልተወው?

ባለ ደብተሯ

መልስ

ውድ ባለ ደብተሯ፣

ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልጀምር፤ ለነገ የማይባለው እሱ ነው። የልጅሽ ጥያቄ መልስ አለው። መልሱም «አይቆጠርም» ነው። ለማጽናናት ብዬ አይደለም፤ እውነቱ ይህ ስለሆነ ነው።

አንድ ሰው በቀን ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። ይህ ካርቦን ከየት መጣ? ከበላነው። የበላነው ደግሞ ወይ ተክል ነው፣ ወይ ተክል የበላ እንስሳ ነው። ተክሉ ካርቦኑን የወሰደው በቅርቡ፣ ከዚያው ከአየር ላይ ነው። ስለዚህ ስንተነፍስ የተበደርነውን እየመለስን ነው። ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ እንደማዛወር ቁጠሪው፤ ድምሩ አይጨምርም። የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ነገር ግን ሌላ ነው። እሱ ለሚሊዮኖች ዓመታት ከመሬት ሥር ተቀብሮ የኖረ ካርቦን ነው። ቆፍረን አውጥተን ስናቃጥለው አየሩ ላይ አዲስ ሸክም እንጨምራለን። በአሻራ ሒሳብ ውስጥ ትልቁን ቦታ የሚይዘው ይኸው አዲሱ ነው።

ዛሬ ማታ ይህን በራስሽ አነጋገር ንገሪያት። የኪሱን ምሳሌ ብትወስጂው አልቀየምም። ግን ለሳይንሱ ብቻ አትቸኩዪ። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲህ ብላ ስትጠይቅ ስለ ጋዝ ብቻ የምትጠይቅ አይመስለኝም። «እኔ መኖሬ ያጠፋል እንዴ?» ማለቷ ይመስለኛል። ይህን ማንም በቃል አልነገራትም፤ ከፊትሽ ነው ያነበበችው። ማታ ደብተሩን ስታወጪ ፊትሽ ምን ይመስላል? እኔ አላየሁትም። እሷ ግን ስድስት ወር ሙሉ አይታዋለች። ስለዚህ ከትንፋሹ መልስ ቀጥለሽ «አንቺን ቆጥሬሽ አላውቅም፣ አልቆጥርሽምም» በያት። ከዚያ እሷ ራሷ ምን እንደምትፈራ ጠይቂያትና ዝም ብለሽ ስሚያት።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ዓምድ።

ደብተር መያዝሽን አልወቅስም። ሰው የሚያሳስበውን ነገር ልለካው ቢል ምን ነውር አለው? ያንን ሁለተኛ ዓምድ ግን ሳነብ ቆም አልኩ። አንቺም ቆም ብለሻል፤ ባይሆን ኖሮ «ውስጤ ደስ ይለው ነበር» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አትጽፊልኝም ነበር። ድፍረትሽን አደንቃለሁ። ብዙ ሰው ያቺን ዓረፍተ ነገር ይውጣት ነበር። እስኪ ላንዳፍታ ወደ ኋላ መለስ በዪና አስቢው። ያ ደስታ ከየት መጣ? ዓምዱ ከመከፈቱ በፊት በሆነ ነገር ተቀይመሽው ነበር? ወይስ ብቻሽን የተሸከምሽው ጭንቀት ሲከብድሽ የሚያካፍልሽ ሰው ፈልገሽ ነው? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። ለእሱ ግን ሳይጠቅም አይቀርም።

የሚያስገርመው ደግሞ ሒሳቡ ራሱ ልክ አይደለም። እስኪ አብረን እንሥራው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። (ቤንዚኑ ራሱ ሲመዘን አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ እንዴት ከሁለት ኪሎ በላይ ይሆናል የሚል ሰው አይጠፋም። ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲቃጠል ከአየር ላይ ኦክስጅን ይዞ ይወጣል፤ ክብደቱን የሚጨምረው እሱ ነው።) በሳምንት 20 ሊትር ማለት በዓመት 1,040 ሊትር ነው። በ2.3 ስታባዢው 2.4 ቶን ገደማ ይመጣል። ይህን ሁሉ አንቺ በእሱ ዓምድ ጽፈሻል። ግን ጠዋት መኪናው ውስጥ ማን ማን ነው ያለው? ልጅሽን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ማነው? አንቺስ በምንድነው ሥራ የምትሄጂው? «የሚነዳው እሱ ነው» ነው ያልሽኝ፤ «ብቻውን ነው የሚሄደው» አላልሽም። መሪ የያዘ ሰው ሁሉ የጭስ ባለቤት አይሆንም። ሦስታችሁም የምትጠቀሙበት ከሆነ ለሦስት ይካፈላል፤ ለእያንዳንዳችሁ 0.8 ቶን ነው። ዓምዱ ገና ከጅምሩ አድሏል ማለት ነው።

ቻርጀሩንም ልጨምርልሽ፤ በእሱ ሳትጣሉ አትቀሩም ብዬ ነው። አንድ ስማርት ስልክ በየቀኑ ቻርጅ ቢደረግ ዓመቱን ሙሉ ከ5 እስከ 8 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ ነው። በኤሌክትሪክ በሞቀ ውሃ አሥር ደቂቃ ገላ መታጠብ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሦስት ጊዜ ያህል ገላን መታጠብ የዓመት የስልክ ቻርጅ ያህል ነው እንግዲህ። ስልክ ሳይሰካበት ግድግዳ ላይ የተረሳ ቻርጀርማ ከቁጥር የሚገባም አይደለም። እዚህ ላይ ባለቤትሽ ነፃ ወጥቷል!

አትሳቂብኝ፤ እኔም አንድ ሰሞን እንዳንቺ ሞክሬ ነበር። ወር ሙሉ የተጠቀምኩባቸውን ፌስታሎች አንድ በአንድ ስመዘግብ ከረምኩ። ወሩ አልቆ ስደምር ለካ በዚያው ወር ደርሼ የተመለስኩበትን አውሮፕላን አልጻፍኩትም። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይሉት የኔን ነው። ዓይን ያለው ትንሹ ነገር ላይ ነው፤ በእጅ ስለሚያዝ። ትልቁ ነገር ቧንቧና ሽቦ ውስጥ፣ ነዳጅ ጋን ውስጥ ተደብቆ ያልፋል።

ወደ ሦስቱ ቁጥሮችሽ እንምጣ። 1.9፣ 4.3 እና 8። ማነው የዋሸው? ማንም ላይዋሽ ይችላል። ሦስቱ ማስሊያዎች የጠየቁሽ ጥያቄ አንድ ቢመስልም የቆጠሩት ነገር የተለያየ ነው።

ልዩነቱን ከሚፈጥሩት አንዱ መብራት ነው። ከቆጣሪሽ የሚነበበው ያው ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያ ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰል ከመጣ ግን ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጻፍበታል። ከተፈጥሮ ጋዝ ከሆነ ከዚያ ግማሹ ወይም ያነሰ ነው። ከውሃ፣ ከነፋስ ወይም ከፀሐይ ሲሆን ግድቡንና ማሽኑን ለመሥራት የወጣው ሁሉ ተቆጥሮ እንኳ ብዙውን ጊዜ በአሥር ቤት የሚቆጠር ግራም ነው። አፑ የምትኖሪበትን አገር ሳይጠይቅሽ የራሱን አገር መብራት አስቦልሽ ከሆነ ቁጥሩ ከመጀመሪያውም ያንቺ አይደለም። ቅንብሩ ውስጥ ገብተሽ እይው።

ሌላው አንዳንዱ ማስሊያ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ብቻ ሲቆጥር ሌላው ሙቀት አማቂ ጋዞችን በሙሉ መደመሩ ነው። ከብቶች የሚያገሱት፣ ከቆሻሻ ክምርና ከጋዝ ማውጫ የሚያፈተልከው ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ኪሎ ለኪሎ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ27 እስከ 30 ጊዜ ያህል ያሞቃል። ከማዳበሪያ የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ ደግሞ 273 ጊዜ። እነዚህን ወደ አንድ ሚዛን አምጥተው ሲደምሯቸው «የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ» ይሉታል። ማስሊያው ውጤት ላይ ይህ ቃል ካለ ሰፋ አድርጎ ቆጥሯል ማለት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት እኔን በጣም የሚስበኝ ነው። አንዳንዱ ማስሊያ አንቺ በገዛ እጅሽ ያቃጠልሽውን ብቻ ይቆጥራል። ሌላው የምትሄጂበትን መንገድ፣ የምትታከሚበትን ሆስፒታል፣ የመንግሥትን ቢሮ ሁሉ ለሕዝቡ ያካፍልና ድርሻሽን ይጨምርብሻል። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ሆነው የተለያየ ኑሮ ያላቸውን ሰዎች አሻራ በዚህ መንገድ አሰሉ። መጠለያ ውስጥ የሚያድር፣ ቤትም መኪናም የሌለው ሰው በዓመት 8.5 ቶን ሆኖ ተገኘ። አስቢው እስኪ። ያ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይቀንስ? የሚኖርበት አገር መንገዱና መብራቱ ካልተቀየረ በቀር የሚቀንሰው ነገር የለውም። የመጨረሻው ጥያቄሽም ግማሽ መልሱ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ስለዚህ የትኛውን ልመን ላልሽኝ፣ አንዱን ምረጪና ከሱ ጋር ብቻ ቆዪ። የዘንድሮውን ከአምናው ጋር በአንድ ሚዛን ለማየት ነው የሚጠቅምሽ። ከሌላ ማስሊያ ጋር፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ለማወዳደር አይሆንም። ከዓለም ጋር ካላወዳደርኩ አይሆንልኝም ካልሽ ደግሞ፣ ከነዳጅ፣ ከድንጋይ ከሰል፣ ከጋዝና ከሲሚንቶ ብቻ የሚወጣው ለዓለም ሕዝብ በሙሉ ቢካፈል ለአንድ ሰው በዓመት 4.7 ቶን ገደማ ይደርሳል። አሜሪካ ውስጥ 14 ገደማ ነው፤ ሕንድ ውስጥ 2 ገደማ። አንድ ቶን የማይሞሉ አገሮችም ብዙ ናቸው።

ሁሉም ሰው እንደኔ ቢጠነቀቅ ላልሽውም በቅንነት ልመልስልሽ። «አሻራ» የሚለውን ምሳሌ መጀመሪያ ያመጡት ምሁራን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዊልያም ሪስና ማቲስ ዋከርናገል የሰው ልጅ ኑሮ ምን ያህል መሬት እንደሚፈልግ ሲያሰሉ የተጠቀሙበት ነው። የካርቦኑን አሻራ ግን ወደ እያንዳንዱ ሰው ቤት ይዞ የገባው በአብዛኛው ቢፒ የተባለው ግዙፍ የነዳጅ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሰፊ የማስታወቂያ ዘመቻ ከፍቶ፣ የሰው ሁሉ አሻራ የሚሰላበት ማስሊያም አቀረበ። ነዳጅ ሻጩ ገዢውን «አንተ ስንት አቃጠልክ?» ብሎ ጠየቀው ማለት ነው። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ። ጥያቄው ውሸት ሆኖ አይደለም። ማን እንደጠየቀና ማን እንዳልተጠየቀ ስታይ ነው የሚከነክነው።

ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. የሆነውን አስታውሺ። በወረርሽኙ ምክንያት የዓለም ሕዝብ ቤቱ ተቀመጠ፣ አውሮፕላን ቆመ፣ መንገድ ባዶ ሆነ። በዚያ ዓመት የዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት የቀነሰው በ5 በመቶ ገደማ ነው። ቀሪው ሰው ቤቱ ተቀምጦም ይወጣ ነበር፤ በአብዛኛው ከኃይል ማመንጫና ከፋብሪካ።

ይህን ስልሽ «በቃ ከኔ ምንም አይጠበቅም» ብለሽ እንዳትደመድሚ። የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ከዓለም ቤተሰቦች ብዙ የሚለቁት 10 በመቶዎቹ ከቤተሰቦች ልቀት ሁሉ ከ34 እስከ 45 በመቶውን ይይዛሉ። ከታች ያሉት 50 በመቶ ግን ከ13 እስከ 15 በመቶ ብቻ። በየዓመቱ የሚበር፣ ትልልቅ መኪና የሚያሽከረክር ሰው ሊቀንስ የሚችለው ብዙ ነው። ለሌላው ግን ከፌስታል ቆጠራው ይልቅ አንድ የጋራ ነገር መግፋቱ ይበልጣል። መሥሪያ ቤትሽ ሠራተኞቹን በአንድ አውቶቡስ ማመላለስ አይችልም? በአካል መሄድ የማያስፈልግባቸው የሥራ ጉዞዎች የሉም? ይህን አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ ብታነሺ፣ ለባለቤትሽ ከከፈትሽው ዓምድ ሁሉ የበለጠ ካርቦን ሊያድን ይችላል።

የምግቡን በአጭሩ ልለፈው። ከሩቅ የመጣ ፍራፍሬ መተውሽ እምብዛም ለውጥ አያመጣም፤ በአውሮፕላን የሚመጣውን ቶሎ የሚበላሽ ነገር ካልሆነ በቀር። ከምግብ ልቀት ውስጥ የማጓጓዣው ድርሻ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው። ዋናው ምን እንደምንበላ ነው፤ ከየት እንደመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ጆሴፍ ፑርና ቶማስ ኔምቼክ የ119 አገሮችን ወደ 38,700 የሚጠጉ እርሻዎች መረጃ ሰብስበው ያወጡት ጥናት አለ። በዚያ መሠረት አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ በአማካይ በአሥር ቤት የሚቆጠር ኪሎ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ይወጣዋል፤ ጥራጥሬ ግን አንድ ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው። ባለቤትሽን ሥጋ ተው አትበዪው። በሳምንት ሁለት ቀን ሁላችሁም የምትወዱት የጥራጥሬ ምግብ ይሠራ። የሚሠራው እሱ ቢሆንስ?

አሁን ወደ እናትሽ። እስካሁን ያዘገየሁት ከባዱ እሱ ስለሆነ ነው።

በረራ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስሌትሽ አልተሳሳተም። ሴት ዋይንስና ኪምበርሊ ኒኮላስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳሰሉት፣ አትላንቲክን ተሻግሮ መመለስ አንድ መንገደኛን 1.6 ቶን ገደማ ያስቆጥራል። ያንቺ መንገድ አጭር ከሆነ ያንሳል። ያም ሆኖ ለአንድ ሰው ብዙ ነው። ይህን አልደብቅሽም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቀየሚኝ። እናትሽ ደክማለች ብለሻል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሄድሽው በቶኑ ብቻ ነው? ደብተሩን የጀመርሽው ከስድስት ወር በፊት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አንድ ዓመት ተኩልስ? የደከመች እናትን ማየት ያስፈራል። በሩ ሲከፈት ካለፈው ጊዜ አንሳ ትቆማለች። ያንን ላለማየት ሰው ብዙ ምክንያት ያገኛል፤ ሥራ፣ ገንዘብ፣ ካርቦን። ተሳስቼ ከሆነ እለፊው። ልክ ከሆንኩ ግን ቁጥሩን መደበቂያ አታድርጊው። ቁጥሩም አይችለውም፣ እናትሽም አትችለውም።

የኔን ሐሳብ ከፈለግሽ፣ ሂጂ። ለመዝናናት የሚበርና ሁለት ዓመት ያላያትን እናቱን ሊጠይቅ የሚበር ሰው ማስሊያው ላይ እኩል ይጻፋሉ። ማስሊያው ለምን እንደሄድሽ አይጠይቅም። አንቺ ግን ትጠይቂያለሽ፤ ስለዚህ የመጨረሻው ፍርድ ያንቺ ነው። ስትሄጂም በብልሃት ሂጂ። ለአምስት ቀን ሦስቴ ከመመላለስ አንዴ ሄዶ ሦስት ሳምንት መክረም ይሻላል። ከተገኘ ቀጥታ በረራ ያዢ፤ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር ተጨማሪ ነዳጅ ይፈጃል። ተራውን ወንበር ውሰጂ። ሰፊው የቢዝነስ ወንበር የብዙ ሰው ቦታ ስለሚይዝ በረጅም በረራ ላይ ሦስት እጥፍ ያህል ይቆጠርበታል።

«ዛፍ እናስተክልልዎ፣ በረራዎ ይሰረዛል» የሚሉም ያጋጥሙሻል። ዛፍ ማስተከል ጥሩ ነው፤ ከወደድሽ ስጪ። ግን እንደ ደረሰኝ አትያዢው። ጭሱ ዛሬ ይወጣል፤ ዛፉ ያንን ያህል ለመሳብ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ሊቃጠል ወይም ሊቆረጥ ይችላል።

ከባለቤትሽ ጋር እንዴት ልጀምር ትዪ ይሆናል። ደብተሩን ቀድደሽ ፊቱ አትጣይው፤ ቲያትር ይሆናል። ልጅቷ ከተኛች በኋላ አጠገቡ ቁጭ በዪና ያልሽኝን ለእሱም በዪው፤ «ፈርቼ ነበር። ፍርሃቴን ላንተ ከመንገር ይልቅ አንተን ቆጠርኩህ። ይቅርታ።» ከዚህ በላይ አታስረዝሚው። ወዲያው ስለ ሥጋና ስለ መኪና አታንሺ። ቢቆጣ ይቆጣ፤ ተደብቆ መቆጠር ያማል። «ኦዲተር» ያለሽ ቀን ሊቀልድ ሞክሮ ያቃተው ይመስለኛል። እሱስ ስለዚህ ነገር ምን እንደሚሰማው ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ምናልባት እሱም በራሱ መንገድ ይሰጋ ይሆናል።

ሲበርድለት፣ በሌላ ቀን፣ አብራችሁ አንድ ገጽ ሙሉ። ዓምዱ አንድ ይሁን፤ ርዕሱም «ቤታችን» ይባል። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የአሥራ ሁለት ወር የመብራት ቢል አውጥታችሁ ኪሎዋት ሰዓቱን ደምሩ። የነዳጁን ሊትር ደምሩ፤ ቤንዚን ከሆነ በ2.3፣ ናፍጣ ከሆነ በ2.7 አባዙት። በሲሊንደር ጋዝ የምታበስሉ ከሆነ አንዱን ኪሎ 3 ኪሎ ብላችሁ ያዙት። እንጨትና ከሰል ካለ ሒሳቡ ይወሳሰባል፤ የተቆረጠው ዛፍ መልሶ ይበቅላል ወይስ አይበቅልም በሚለው ላይ ይወሰናልና። በረራ ካለ ጻፉት። በሳምንት ስንት ቀን ሥጋ እንደምትበሉም ጻፉ። ልብስና ዕቃ አዲስ ምን ያህል እንደገዛችሁ በግርድፉ ይበቃል። ስልክ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አብዛኛው ልቀቱ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ የወጣ ነው። ስለዚህ ቻርጀሩን ከመንቀል ይልቅ ስልኩን ሁለት ዓመት ጨምሮ መያዝ ብዙ ያድናል።

ገጹ ሲሞላ ሁለት ትልልቅ መስመሮች ጎልተው ይታዩሻል። ከነዚያ አንዱን ምረጡ፤ አንዱን ብቻ። በእናንተ ቤት መኪናው ሳይሆን አይቀርም። በሳምንት አንድ ቀን መኪናው ቤት ቢውል፣ ሌላ አንድ ቀን ከሥራ ባልደረባ ጋር ብትጋሩ ምን ይመጣል? ከ20 ሊትር 5ቱ ቢቀንስ በዓመት 600 ኪሎ ገደማ ነው። ለስድስት ወር በየማታው ስትመዘግቢው የከረምሽውን ጥቃቅን ነገር በሙሉ ይበልጣል። ከዚያ ደብተሩ ይዘጋ። እስከ መጪው ዓመት አትክፈቱት። አፑንም አጥፊው፤ በየቀኑ የሚጮህ ነገር ሰው ያሳብዳል እንጂ አየር አያጸዳም።

አንድ ማሳሰቢያ ልተው። ይህን ሁሉ አድርገሽም እንቅልፉ ካልመጣ፣ ሌሊት እየነቃሽ መደመር ካላቆምሽ፣ ያ ከካርቦን ያለፈ ጭንቀት ነውና የሥነ ልቦና ባለሙያ ብታማክሪ ጥሩ ነው። አያሳፍርም።

እናትሽ ጋ ግን ነገ ደውይ። «ሥራ በዛብኝ» የሚለውን ተይና ቀን ቁረጪላት። ቢቻል ልጅሽንም ይዘሻት ሂጂ። በሚቀጥለው ዓመት «ቤታችን» የሚለውን ገጽ ስትሞሉም በረራውን አትደብቂው፣ አታሳንሺውም። በግልጽ ጻፊው፤ «አንድ ጉዞ፣ ወደ እናቴ»። ከጎኑ ስንት ቀን እንደቆየሽ ጻፊበት።